ካርታው ላይ የቀረው ነጠላ

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ወንዟ እንኳ ወንዝ ለመባል የሚበቃ አይደለም። እኔ ግን እዚህችው ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የባሕር ዳርቻ ስለካ እውላለሁ። ሥራዬን የሰማ ያገሬ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ ወርቅ አለው?» ይለኛል። አልፈርድበትም። ይህች ከተማ ከሥሯ ተቦርቡራ፣ የተረፈው ቢጫ አፈር በየመንገዱ ዳር ተራራ ሆኖ ተከምሮ ነው የሚታየው፤ እዚህ መሬት የሚለካ ሰው ወርቅ ካልፈለገ ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ያገሬ ሰው በሚነግድበት በጄፒ መንገድ፣ በርበሬ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ደግሞ «የባሕር ዳር ካርታ ነው የምሠራው» ብዬ ስነግረው፣ ጣና አጠገብ የእህቱ ቤት እንዳለና ጎረቤት አጥሯን እየገፋባት እንደሆነ አጫውቶኝ፣ እግረ መንገዴን ልኬቱን እንድወስድላት ለመነኝ። እሺ አልኩት። ምን ላድርግ?

ሥራዬ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ዳርቻ ላይ የጥንት ሰዎች ከባሕሩ ዛጎል እየለቀሙ ሲበሉ ኖረው ቅርፊቱን የጣሉበት ክምር፣ በአሸዋ ኮረብታዎች ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። አመዳቸው አለ፣ የጠረቡት ድንጋይ አለ፣ አንዳንዴም እነሱ ራሳቸው አሉ። ባሕሩ ደግሞ ዳርቻውን እየቆረሰ ይበላል፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ከክምሩ አንድ ጉርሻ ይወስዳል። ማስቆም አይቻልም። ስለዚህ ሳይሄድብን ድሮን አንሥተን ቦታውን ከላይም ከጎንም እያደራረብን ፎቶ እናነሣዋለን፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አገጣጥሞ ቦታውን እንዳለ መልሶ ይገነባዋል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ቢወስደውም እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ዙሪያውን እያዞርን ማየት፣ እያንዳንዷን ጠጠር መለካት እንችላለን።

በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። ፎቶ ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር ገብቶ ካየሁ ያመኛል። በተለይ የሚንቀሳቀስ ነገር ኮምፒውተሩን ያሳብደዋል። አንድ ጊዜ በሥራ መሐል ውር ውር ያለ ውሻ ባለ ሰባት እግር ሆኖ ወጥቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ የቢሮው መሳቂያ ሆኜ ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ ድሮን ሳነሣ ሰው፣ ከብት፣ ውሻ ድርሽ እንዳይል አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ። እናቴን ማስጠንቀቅ ግን አልታየኝም።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለቤቴ ስትወልድ ልታርሳት ነበር። ቤታችንን በሦስት ቀን ውስጥ ተቆጣጠረችው። እናቴ ክፍት ነገር አትወድም። የውሃ ብርጭቆ ክፍት አይቀመጥም፣ ዳቦ ክፍት አይቀመጥም፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ካልታየ ጨርቅ ይለብሳል። አንድ ቀን ፎቶ እንዲያገጣጥም እየሠራ ትቼው ያደርኩትን ላፕቶፕ ጠዋት ብነሣ፣ በዳንቴል ተጀቡኖ፣ ሙቀቱ በዝቶበት ሥራውን አቋርጦ ጠፍቶ አገኘሁት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ መተንፈስ አለበት!» አልኳት።

«አቧራ ይገባበታል። ደግሞ እንዲህ አፉን ከፍቶ ማደር ምን ይባላል?» አለችና ዳንቴሉን አራግፋ በጥንቃቄ አጠፈችው።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ቶሎ ውጣ፣ አንተንም ሳትከድንህ!» እያለች ትስቃለች። እሷ መሳቅ አያቅታትም፤ የጠፋው የኔ ሥራ ነው።

ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ድግሱ ካለፈ በኋላ፣ የእናቴ ቪዛ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ባሕር ሳላይ አልሄድም የሚል ነገር ጀመረች። ከዚህ ባሕር ድረስ አንድ ሙሉ ቀን መንዳት እንደሆነ ነገርኳት። አልሰማችኝም።

«ጎረቤቶቼ ምን አየሽ ሲሉኝ ምን ልበል? ሞል አየሁ ልበል?»

እንዲህ ስንነታረክ ነው አለቃዬ የደወለችው። አለቃዬ በሶዌቶ ያደገች፣ ስትስቅ ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ የምትሰማ የቅርስ ተመራማሪ ናት፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። በምሥራቅ ኬፕ በኩል ባለ አንድ የባሕር ዳር መንደር፣ ከዛጎሉ ክምር ሥር የሰው አፅም መገለጡን ቀደም ብለን ሰምተን ነበር። እጅግ የቆየ፣ እጥፍጥፍ ብሎ በጎኑ የተኛ ሰው። የመንደሩ ሽማግሌ ቁፋሮ አይፈቀድም ብለዋል። ይህ የጥንት አባታችን በካርቶን ተጭኖ ከተማ አይሄድም፤ ባሕሩ ከወሰደው ይውሰደው፣ እሱም የባሕር ሰው ነበር ብለዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጆቻቸው አባታቸው የት ተኝቶ እንደነበር እንዲያውቁ፣ ቦታው ሳይጠፋ ካርታ ላይ እንዲቀመጥላቸው። አንድ ቀን ሰጥተውናል፤ ማንም እንዳይጠጋው፣ ፎቶውም ከአየር ብቻ እንዲነሣ ተስማምተናል፤ ፈቃዱም ወጥቷል። አሁን ደግሞ ከባድ ማዕበል እየመጣ ነው።

«እኔ ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ነው፣ መውጣት አልችልም» አለችኝ። «ነገውኑ ሂድ። ለሽማግሌው ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«እናቴ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጎጎን ይዘሃት ሂዳ!» አለች፤ እዚህ አሮጊት እናትን ሁሉ ጎጎ ነው የሚሉት። ነገሩ በዚህ አለቀ።

እዚህ ባኪ የሚሏትን የቢሮውን ፒካፕ ጭነን ሳይነጋ ወጣን። እናቴ ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ አጣፍታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ዳቦ ቆሎ የሞላ ፌስታል፣ ፌስታሉም በጨርቅ ተሸፍኖ። መንገዱን ሙሉ እያጎረሰችኝ፣ የሚያልፈንን መኪና ሁሉ እየገሠጸች ሄድን። የመንደሩ ክብ ጎጆዎች ከኮረብታው ላይ ሲታዩ ደስ አላት። «ሰዎቹ ቤት መሥራት ያውቃሉ» አለች።

ባሕሩን ያየችው በማግሥቱ ጠዋት ነው። እኔ እጇን ይዤ፣ እልል ትላለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስልኬን ለቪዲዮ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አተኩራ ብዙ አየችው።

«አያርፍም እንዴ?» አለችኝ።

«አያርፍም።»

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም።»

«እኔ እንደ ሐይቅ ተኝቶ የማገኘው መስሎኝ ነበር። ይሄማ ሥራ ላይ ነው» አለች። ቪዲዮው ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጨብጠው ሲጠብቁን አገኘናቸው። እዚያ አገር አዛውንትን ታታ ብሎ መጥራት ደንብ ነው፤ እኔም ታታ አልኳቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ጆሃንስበርግ ወርቅ ማዕድን ውስጥ ሠርተዋል፤ እንግሊዝኛውንም የለመዱት እዚያ ነው። «ከተማህን አውቃታለሁ» አሉኝ። «እኔ ግን የማውቃት ከሥሯ ነው።» ከዚያ ወደ ዳርቻው እየጠቆሙ ቦታውን አሳዩኝ። የአሸዋው ኮረብታ በባሕሩ በኩል እንደ ዳቦ ተቆርሶ ቆሟል፤ የዛጎሉ ንጣፍ በነጭ መስመር ይታያል፤ ከሥሩ፣ ትንሽ ወጣ ባለ ደረጃ ላይ፣ ሰውዬው። ከሩቅ ነው የሚታየው፤ ግን ይታያል።

«አደራ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የለም። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው «አንድ ቀን ነው ያለህ» ሲሉኝ ቃሉ ሳይኖር ነገሩ ገባኝ።

እናቴ ስለ ዛጎሉ ስትሰማ ፊቷ ተኮሳተረ። «ይሄን ሁሉ ቀንድ አውጣ በልተው ነው?»

«ቀንድ አውጣ አይደለም እማዬ፣ የባሕር ነው።»

«ያው ነው። በጾም ይሁን በፍስክ ማን ያውቃል» አለችና አማተበች። ቀጥላ ግን «ቸግሯቸው ይሆናል። ሲርብ ምን ይደረጋል» ብላ ይቅር አለቻቸው።

ጥቁርና ነጭ የዳማ ገበታ የመሰሉ ምልክቶቼን ከተፈቀደልኝ ወሰን ውጭ ባለው አሸዋ ላይ አነጠፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ከትክክለኛው ቦታ ጋር የሚያስማማው በነሱ ነው። ከዚያ ድሮኑን አነሣሁ። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ሁሉም ነገር ሰላም መሰለኝ፤ ድሮኑን አውርጄ ሳየው ግን የካሜራው መነጽር ላይ የባሕር ጨው ተረጭቶ ደርቋል። ፎቶዎቹን ባገላብጥ ሁሉም ጭጋግ ለብሰዋል። ለራሴ በአማርኛ ብዙ ነገር አልኩት፤ እናቴ ሰምታ «አፍህን!» አለችኝ።

አንድ ባትሪ ነበር የቀረኝ። ሰማዩ ወዲያ ማዶ ጠቆር ማለት ጀምሯል። ድሮኑን ከጨው ለማዳን፣ የምነሣበትን ቦታ ወደ ኋላ፣ ከኮረብታው ጀርባ ባኪዋ ወደቆመችበት አዛወርኩት። መነጽሩን ወለወልኩ፣ ደግሜ ወለወልኩ፣ የሚበርበትን መስመር አስተካክዬ ሞላሁለት። ይህን ሁሉ ሳደርግ እናቴና ሽማግሌው ኮረብታው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወጉ ትዝ ይለኛል። እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በቆሳ ቋንቋ። ዳቦ ቆሎዋን ታዘግናቸዋለች። ሲስቁም ይሰማኛል፤ በምን እንደተሳሳቁ እግዜር ይወቅ። ኋላ ላይ ቀና ስል ቦታው ላይ አልነበሩም። ሻይ ሊጠጡ ሄደው ነው ብዬ፣ ፎቶ ውስጥ የሚገባ ሰው አለመኖሩ ደስ ብሎኝ ድሮኑን ለቀቅኩት።

መስመሩን ራሱ ጠብቆ ነው የሚበረው። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ አርፋበት ከራሴ ፊት በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ሲወርድ መነጽሩ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አጉልቼ አየሁ፤ የዛጎሎቹ ጠርዝ ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። ጮቤ ረገጥኩ። ዝናቡ ማካፋት ስለጀመረ ዕቃዬን ሰብስቤ ስመለስ፣ እናቴ የኔን ጃኬት ደርባ ባኪዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ነጠላሽስ?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሚያስፈልገው።»

የኔ እናት እንዲህ ናት፤ አዲስ ጫማዋን ለሠራተኛ ሰጥታ በሸበጥ ቤቷ የገባችበት ጊዜ አለ። ለሽማግሌው ሚስት መስጠቷ ነው ብዬ አለፍኩት። ሽማግሌው ሲሸኙን እናቴን ሁለት እጇን ይዘው ብዙ ነገር ተናገሩ፤ እሷም «አሜን፣ አሜን» አለቻቸው። እኔን ደግሞ «ያዝከው?» አሉኝ። «ይዤዋለሁ ታታ» አልኳቸው፣ በሙሉ አፌ።

ማዕበሉ እኛ ጆሃንስበርግ በገባን በማግሥቱ መጣ። ኮረብታው በባሕሩ በኩል ያለውን ፊቱን ሙሉ በሙሉ አጣ፤ ክምሩም ሰውዬውም ሄዱ። አለቃዬ ዜናውን ስትነግረኝ በሐዘንም በኩራትም «ግን እኛ ጋ አለ» አለች። ኮምፒውተሩም ሥራውን ጀምሯል።

ቦታው በስክሪኑ ላይ ሲገነባ ማየት እወዳለሁ። መጀመሪያ የተበተነ ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀስ እያለ አሸዋው አሸዋ ይሆናል፣ ዛጎሉ ዛጎል። ሻይዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ኮረብታው መጣ። ነጩ መስመር መጣ። ከመስመሩ ሥር፣ ሰውዬው ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ አንድ ነጭ ነገር መጣ። ስሕተት ነው አልኩ። አጎላሁት። ጥግ ጥጉን ነፋስ ስላንቀሳቀሰው ትንሽ ተዥጎርጉሯል እንጂ መሐሉ እርግት ብሎ የተኛ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተያዘ ጨርቅ ነው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። አውቀዋለሁ። ጥለቱን ሽሮሜዳ ድረስ አብሬያት ሄጄ የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

ሻይዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

አለቃዬን ጠራኋት። መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ አየች፣ ጎንበስ ብላ እንደገና አየች። «ሃይቦ!» አለች፤ ዙሉዎች ጉድ ሲያዩ የሚሉት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እናቴ ናት» አልኩ። ሌላ ምን ብዬ ላስረዳት?

ቤት ስገባ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እናቴ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር።

«እማዬ፣ ነጠላሽን ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለሰውዬው ነዋ።» ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ጮህኩ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳን፣ ሽማግሌው ምን ብለው አደራ እንደሰጡኝ፣ ማንም እንዳይጠጋ እንደተከለከለ፣ ባሕሩ ሁሉንም እንደወሰደው፣ ከዚህ በኋላ የዚያን ሰው መኖር የሚመሰክር ይኸው ፎቶ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አሁን የነጠላ ፎቶ እንደሆነ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ገበናው ነው እኮ! ሰው እንዲያ ተገልጦ፣ ነፋስ እየመታው እያየሁ፣ ነፍስ ይማር ብዬ ብቻ ልምጣ? አንተ ፎቶ ልታነሣው ሄድክ፣ እኔ ሸፈንኩት። ሁላችንም ሥራችንን ሠራን። ደግሞ ብቻዬን መሰልኩህ? ሽማግሌው አብረውኝ አልነበሩ?»

«በእንግዳ ደንብ ዝም ብለውሽ ነው!»

«እሱን እሳቸውን ጠይቅ» አለችና ሻንጣዋን መጠቅጠቋን ቀጠለች። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሳቋን በልጅቷ ፎጣ አፍና ይዛዋለች። ያን ጊዜ በጣም አበሳጨችኝ።

እናቴን ኦአር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት ኩርፊያዬ አልወጣልኝም ነበር። ግንባሬን ስማኝ «እንዲህ ፊትህን ቋጥረህ ለልጅቷ አትታያት» ብላኝ ሄደች። የሽማግሌው ነገር እንደ ድንጋይ ነው የከበደኝ። በሙሉ አፌ ይዤዋለሁ ብያቸዋለሁ። ምን ይዤላቸው ነው የምቀርበው?

እልህ ያዘኝ። እነዚያን ጭጋግ የለበሱ የጠዋት ፎቶዎች አወጣኋቸው። ቀን ከምሠራው ሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁሉ ጭጋጉን እየገፈፍኩ፣ አንዱን ከሌላው እያስማማሁ፣ ከነጠላው ሥር ያለውን ማውጣት ጀመርኩ። በመጨረሻ የራስ ቅሉ ክብ፣ የታጠፈው ጉልበት፣ ጉንጩ ሥር የገባው እጅ፣ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ወጣ። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነበር፤ ጉራ አይሁንብኝና ከኔ በቀር ማንም አይሠራውም ነበር። አሁን ሽማግሌው ይምጡ አልኩ።

እሳቸውም መጡ። እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ የምትኖር ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሊጠይቋት በአውቶቡስ መጥተው ሳሉ አለቃዬ ቢሮ ጋበዘቻቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። አለቃዬ ወንበር አቀረበችላቸው። ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

መንደራቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ኮረብታውን፣ የበግ መንገዱን፣ ከዚያ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ቆሎ የበሉበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩን። ከዚያ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ነጩ ነጠላ መጣ። ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ታታ፣ ይቅርታ» ብዬ ጀመርኩ። «እናቴ ሳታውቅ...»

«እነዚህን ድንጋዮች ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አለቃዬና እኔ ተያየን።

«ይሄኛውን፣ ይሄኛውን፣ ያንን ደግሞ ከታች ከውሃው ዳር። እናትህ ሹል ድንጋይ አልቀበልም አለች።»

«እንዴት አወቁ ታታ? በቋንቋ እኮ አትግባቡም!»

«ወርውራ መለሰችልኝ» አሉ፤ አለቃዬ ያቺ ከአዳራሽ ማዶ የምትሰማ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌውም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ የሚከተለውን ነገሩን። አባታቸው ከተገለጠበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየወረዱ አሸዋ ሲያለብሱት ነበር፤ ማታ ነፋሱ ይገልጠዋል፤ ጠዋት ይመለሳሉ። መንደሩ ውስጥ ለማንም አልተናገሩም። ማንም አይጠጋው ያሉትም ይህንን ሥራ ለራሳቸው ይዘውት ነው።

«ነፋሱ ወጣት ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። «ካርታ ሥሩልኝ ስላችሁ ተገልጦ መታየቱን ወድጄው መሰላችሁ? ሌላ የማደርግለት ነገር ስላጣሁ ነው። እናትህ እያየችው እጇን እንዲህ አደረገች።» ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ጨርቅ እንደሚያነጥፍ ሰው ወደ ታች አወረዱት። «እኔ ድንጋይ ልፈልግ ሄድኩ።»

እኔ ግን ያን ያህል የለፋሁበት ሥራ አለኝ፤ አላስቻለኝም። ከሥሩ ያለውንም እንዳወጣሁት፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ላሳያቸው እንደምችል ነገርኳቸው። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ብዙ ለፋህ?»

«ብዙ ታታ።»

«ጥሩ ሥራ እንደሚሆን አልጠራጠርም» አሉ። «አታሳየኝ።»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ትንሽ ከፋኝ፤ ከዚያ ወዲያው ከላዬ ላይ አንድ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። ሰውዬውን እኔም ልቤ ሳያምን ነበር የገለጥኩት። አለቃዬ የጠዋቱን ፎቶዎች መንደሩ ካልፈቀደ በቀር ማንም እንዳይከፍታቸው አድርጋ ዘጋቻቸው። ለመንደሩ ትምህርት ቤት ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ካርታ አተምንላቸው። በካርታው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ስም ይኖረዋል፤ ዛጎል፣ አመድ፣ ድንጋይ እያልን በሦስት ቋንቋ ጻፍን። ነጩ ላይ ስንደርስ አለቃዬ «ይሄ በናንተ ምን ይባላል?» አለችኝና በፊደላችን ጻፍኩት። ሽማግሌው ካርታውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው፣ ወደ አይቮሪ ፓርክ የሚሄደውን ታክሲ በጣታቸው ምልክት አስቁመው ገቡ፤ እዚህ ለታክሲ መድረሻህን የምትነግረው በጣት ነው። የማዕድን ዘመን ልማዳቸው አልጠፋቸውም።

ማታ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ኩርፊያዬ እንደወጣልኝ ከፊቴ ነው ያወቀችው። የሽማግሌውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ድንጋይ ወርውራ የመለሰችላቸው ጋ ስደርስ «ሹል ነበራ!» አለች። ኮረብታው መሄዱን ስትሰማ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ነጠላዬንም ወሰደው በለኛ?»

«ወሰደው እማዬ። ሁሉንም።»

«ይሁን። እንኳን ራቁቱን አልሄደ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ያንተ ካርታ ላይስ? እንደተሸፈነ ነው?»

«እንደተሸፈነ ነው።»

«ማንም አይገልጠውም?»

«ማንም አይገልጠውም።»

«እሰይ። አፈሩን ያቅልልለት» አለች። አፈሩ የት አለ ልላት ነበር፤ ተውኩት። «በል አሁን ልጄን አሳየኝ።»

ስልኩን ይዤ ወደ አልጋዋ ሄድኩ። ልጃችን ብርድ ልብሷን በእግሯ ገፍታ ጥላ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ በጎኗ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ይህን አተኛኘት የት እንዳየሁት አውቃለሁ፤ ያየነው እኔና እናቴ፣ ሽማግሌውም ነን። የእናቴ ፊት ስክሪኑን ሞላው።

«ኧረ ልጅቷ ተገልጣለች!» አለች። «ምን ታየኛለህ፣ ሸፍናት እንጂ!»

ስልኩን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፌ በሁለት እጄ ሸፈንኳት።